ከሞያሌ ናይሮቢ በሌሊት አውቶቡስ፦ ቡድን ይዛችሁ ለምትሄዱ

አውቶቡሱ ራሱ መጥፎ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምለው፣ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ቅሬታ ስለሆነና ሹፌሩን መበደል ስለማልፈልግ ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ ጋደል ይላል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ሹፌሩም ሌሊቱን ሙሉ ኩርባ ላይ ሲቀድም አላየሁትም። የጎዳን ሌላ ነው። የት እንደደረስን፣ ለምን እንደቆምን፣ ምን እንደምንጠብቅ የሚነግረን ሰው አጣን። ድካሙን ችለነዋል፤ በዚህ ግን ከቡድናችን ያላዘነ የለም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ነው፤ 19 ዓመት እዚያው ሰፍቻለሁ። በጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን የሚስዮን ቡድን ጋር ናይሮቢ ሄጄ ነበር። 11 ሰዎች ነን፦ መሪያችን ጋሼ፣ ሁለት ነርሶች፣ አራት ልጆች ከመዘምራን፣ ሁለት እህቶች ከጸሎት ክፍል፣ እማማ እና እኔ። እማማ 71 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው፤ «ጌታ ካለ እኔም አለሁ» ብለው ማንም ሊያስቀራቸው አልቻለም። እዚያ ያለች የሐበሾች ጉባኤ ናት የጠራችን። ነርሶቹ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ሊያደርጉ፣ እኔ ደግሞ ከስደተኛ እናቶች ጋር ተቀምጬ ስፌት ላስተምር። ለዚህ ሥራ 5 የስፌት መኪና ራስ ይዘን ነበር። ጠረጴዛውን እዚያው እናሠራለን ብለን ራሱን ብቻ ነው የያዝነው፤ ያም ሆኖ የድሮዎቹ ብረት ናቸው፣ አንዱ ብቻውን ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በአውሮፕላን ያልሄድነው ለዚህ ነው። ለ11 ሰው የአውሮፕላን ትኬት የሚወጣው ገንዘብ የስንት እናት መኪና ይገዛል ብለን በአንድ ቃል ተስማማን። በዚያ ውሳኔ አሁንም አልጸጸትም።

ትኬቱን የቆረጥነው እዚሁ መሃል ከተማ፣ ከሱቄ በእግሬ ከምሄድበት ቢሮ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ያስገባሁት ማመልከቻ ገና እጃቸው ላይ ነው፤ መልሳቸውን ሳልሰማ በአደባባይ መጥራት ደግሞ ደግ አይደለም። የሚሸጡት ትኬት ሁለት ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ በእኛ አገር አውቶቡስ፣ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ደግሞ አብሯቸው በሚሠራ የኬንያ የሌሊት አውቶቡስ። ዋጋውን አልጠቅስም፤ ምንዛሬው ስለሚቀያየር እናንተ ስትሄዱ ሌላ ይሆናል። ነገር ግን የዕቃ ክፍያውን ለብቻው ጠይቁ፣ ደረሰኙም ላይ ኪሎው ይጻፍላችሁ። እኛ «ዕቃው ከትኬቱ ጋር ነው» ተብለን ሄደን ሞያሌ ላይ እንደ አዲስ ከፍለናል።

የኢትዮጵያውን መንገድ ብዙ አላወራም፤ ሰላም ነበር። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተሰብስበን፣ ጸልየን፣ ሳይነጋ ከከተማ ወጣን። ሻሸመኔን፣ ሐዋሳን፣ ዲላን አልፈን ቡሌ ሆራ አደርን፤ ከመዘምራኑ ልጆች በቀር ሁላችንም ሐገረ ማርያም ነው የምንላት። በማግስቱ በያቤሎና በሜጋ አድርገን ሞያሌ ገባን፤ ማዶውን ለማለፍ መሽቶ ስለነበር በእኛው በኩል አደርን። የእኛ አውቶቡስ ሲመሽ ይቆማል። ሰው ይወርዳል፣ ራቱን ይበላል፣ አልጋ ይዞ ጎኑን ያሳርፋል፣ ንጋት ላይ ጥሩንባ ሲሰማ ይነሳል። ከቡድናችን ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ የሚያውቀው ጋሼ ብቻ ነበሩ።

ድንበሩ አላስቸገረንም። በ2020 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የሁለቱ አገር የጋራ ኬላ ሥራውን አቅልሎታል፤ የመውጫውም የመግቢያውም ማህተም አንድ ግቢ ውስጥ ይመታል። ኢትዮጵያና ኬንያ ለዜጎቻቸው ቪዛ ካስቀሩ ቆይተዋል፣ እኛንም የጠየቀን የለም። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ግን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ አድርጉት። ከኬላው ስትወጡ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እዚያ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። አንዷ እህታችን በለመደችው ወደ ግራ ብቻ አይታ ልትሻገር ስትል ጋሼ በነጠላዋ ጫፍ ይዘው መለሷት።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ትኬታችን ላይ 3:00 ተብሎ ተጽፏል። አዲስ አበባ የቆረጠችልን ልጅ «እትዬ፣ ሦስት ሰዓት ይነሳል፣ ሁለት ሰዓት ላይ ድረሱ» ብላን ነበር። እኛም ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት፣ ቁርስ እንኳ በደንብ ሳንቀምስ፣ ከነዕቃችን መነሻው ደጅ ተደረደርን። በሩ ዝግ ነው። አንድ ዕቃ ተሸካሚ መጣና ትኬቱን ተቀብሎ አየና «ሳ ቲሳ» አለን። ግራ ገባን። በጣቱ ዘጠኝ ቆጥሮ አሳየን። ለካ የተጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 3:00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። በስዋሂሊ የሰዓት አቆጣጠር ልክ እንደ እኛ ነው፤ ከጠዋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ ሳ ምቢሊ ሁለት ሰዓት፣ ሳ ቲሳ ዘጠኝ ሰዓት። ተሸካሚውና እኛ በአንድ ሰዓት እየኖርን ነበር፤ የሳተችው ትኬት የቆረጠችልን የአገራችን ልጅ ናት። ይህ ለሚሸጥ ሰው የአንድ ቃል ጉዳይ ነው፤ «ከሰዓት በኋላ» ብትለን ይበቃን ነበር።

በዚያ ምክንያት ከጠዋት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ዋልን። እማማን ነው ያሰብኩት። የኢንሱሊን ብልቃጣቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ በረዶ ያለበት ቴርሞስ ውስጥ ነበር፤ 5 ሰዓት ላይ በረዶው ውኃ ሆኖ አለቀ። አንደኛዋ ነርስ ከየሱቁ የቀዘቀዘ ለስላሳ እየገዛች፣ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ ብልቃጡን መሃሉ ታስገባ ነበር፤ ሲሞቅ ለስላሳውን ለልጆቹ ታጠጣና ሌላ ትገዛለች። እስክንሳፈር እንዲህ አደረገች። ከእናንተ ጋር ስኳር ያለበት ሰው ካለ ይህን ዘዴ ያዙት።

አውቶቡሱ የመጣው 9 ሰዓት ተኩል፣ የተነሳው 10 ሰዓት ነው። ሁለት ወንበራችን ለሌላ ሰው ተሸጦ ተገኘ፤ ረዳቱ ከመዘምራኑ ሁለቱን መተላለፊያው ላይ የፕላስቲክ በርጩማ አውጥቶ አስቀመጣቸው፤ እስከ ማርሳቢት ተፈራርቀው እንደዚያው ሄዱ። ይህንንም ማለፍ ይቻላል።

ዕቃ ሲጫን ግን አጠገቡ ቆሜ ነበር። አምስቱንም መኪና በየብርድ ልብሱ ጠቅልዬ፣ ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን ራሴ በወፍራም ክር ሰፍቼዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በወጉ አስገቧቸው። ሦስተኛዋን የያዘው ልጅ ከትከሻው ዝቅ ሳያደርግ ለቀቃት። ሰው ሌላ ነገር ሲወድቅ ላይሰማው ይችላል፤ እኔ የስፌት መኪና ድምፅ አውቃለሁ። ድርቅ ያለ፣ አጭር ድምፅ ነው፣ ብረት ሲሰነጠቅ የሚያሰማው። «የኔ ልጅ ቀስ፣ ብረቱ ይሰበራል» አልኩት፤ አልገባውም። ረዳቱን ጠራሁት፤ እጁን አወዛውዞ ወደ በሩ ሄደ። ጆንያውን ላስፈታ ብል አውቶቡሱ ሊነሳ ነው ተባለ። ሌሊቱን ሙሉ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ነው፣ ጥሩ አስፋልት። ጋሼ ይህን መንገድ የሚያውቁት ከድሮ ነው። እሳቸው በሄዱበት ጊዜ እስከ ኢሲዮሎ ድረስ ጠጠርና አቧራ ነበር፤ ሰው የሚጓዘው ከብት በጫነ የጭነት መኪና ላይ፣ ከብረቱ ፍርግርግ ጋር ተጣብቆ፣ በአጀብ ነው፤ መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት አድረዋል። «ይሄ እኮ ምንጣፍ ነው» ይሉናል ደጋግመው። ልክ ናቸው። ስለ መንገዱ ቅሬታ የለኝም።

ቱርቢ የምትባለውን ትንሽ ከተማ እንዳለፍን መሸ። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ዲዳ ጋልጋሉ ይባላል። ከመዘምራኑ አንዷ የያቤሎ ልጅ ናት፤ ቦረና ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ሕዝብ ስለሆነ ቋንቋው ቋንቋዋ ነው፤ «ጋልጋላ ማለት ምሽት ነው» አለችን። ጥቁር ድንጋይ የተዘራበት ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ጎጆ የለው፣ መብራት የለው። ነፋሱ አውቶቡሱን በጎኑ ይገፋዋል። እዚያ መሃል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ከኋላ አንድ ነገር ተበጥሶ ሲማታ ተሰማ፤ ሹፌሩ ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። መብራቱም አብሮ ጠፋ።

ብልሽት በማንም ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ሹፌሩና ረዳቱ ወርደው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ፣ በስልክ መብራት አዩ፣ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ከዚያ ረዳቱ አንድ የሚያልፍ የጭነት መኪና አስቁሞ ተሳፈረና ሄደ። ሹፌሩ ገብቶ መሪው ላይ ተደፋ። ከሃምሳ ሰው በላይ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ ቃል የተናገረ የለም። ግማሹ ረዳቱ ጥሎን ሄደ አለ። አንዱ ሽፍታ አለ ብሎ አወራ፣ ያንን ሰምታ አንዲት ሕፃን የያዘች እናት ማልቀስ ጀመረች። ስልክ አይሠራም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። በመጨረሻ የያቤሎዋን ልጅ «ሂጂና በቋንቋሽ ጠይቂው» አልናት። ሄደች፣ ሹፌሩን ቀሰቀሰችው፣ በኦሮምኛ ጠየቀችው። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ሁሉን ነገራት። ቺንጊያው ነው የተበጠሰው፣ መለዋወጫ አልያዙም፣ ረዳቱ ከማርሳቢት ሊያመጣ ሄዷል፣ ማርሳቢት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት አይመለስም። ይኸው ነው። እሷም መተላለፊያው ላይ ቆማ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለሁሉም ተናገረች። ሰዉ ትንፋሹ ሲመለስ ተሰማኝ። ያቺ እናት ልጇን አጠባች። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተጨነቅነው ሹፌሩ በሚያውቀውና በሁለት ደቂቃ ሊነግረን በሚችለው ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ጭንቁ ሌላ ሆነ። ስኳር ያለበት ሰው ሽንት አይታገሥም። እማማ ከአመሻሹ ጀምሮ ረዳቱን ሦስት ጊዜ አስለምነውት «ትንሽ ቆይ» ተብለዋል። አሁን መኪናው ቆሟል፣ ነገር ግን ውጪው ገላጣ ሜዳ ነው፤ ወንዶቹም በየጎኑ ወርደዋል። አራት ሴቶች ሆነን ይዘናቸው ወረድን። ሁለት ጋቢና ሁለት ነጠላ ዘርግተን ከብበናቸው ቆምን። ነፋሱ ጋቢውን ከእጃችን ሊነጥቀን ይታገላል፤ እኔ ጫፉን በጥርሴም ጭምር ይዣለሁ። እማማ «ልጆቼ፣ አሳፈርኳችሁ» አሉ። ሁላችንም «ኧረ በጌታ!» አልን። ስንጨርስ ከኋላችን ሌሎች ሴቶች ቆመው ነበር፤ ሶማሌዎች፣ ቦረናዎች፣ ያቺ ሕፃን የያዘችውም። ማንም ማንን አልጠየቀም፤ ጋቢውን እንደያዝን በየተራ አስገባናቸው። አንዷ ሽማግሌ ስትወጣ እጄን ይዛ ሳመችው። ለዚህ ለዚህ፣ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክራችሁ ጋቢ እንድትይዙ ነው።

ወደ ውስጥ ስንመለስ ልጆቹ ቀስ ብለው መዘመር ጀመሩ፣ ጋሼ ደግሞ ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብ አወሩልን። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነፃ እንደወጣ፣ ስዊድን ሄዶ እንደተማረ፣ ወደ ወገኖቹ ለመመለስ በሱዳን በኩል ሞክሮ መንገዱ ተዘግቶበት እንደተመለሰ፣ ኤርትራ ተቀምጦ ከአስቴር ጋኖ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ሲያዘጋጅ እንደኖረ። መጽሐፉ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ፣ እሱ ራሱ ወለጋ የገባው በ1904 ነው። የያቤሎዋ ልጅ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና «አያቴ የምታነበው እሱን ነው?» አለች። ጋሼ «ሥሩ እሱ ነው» አሏት። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ እንደ መጀመሪያው አልከበደም።

ረዳቱ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል ቺንጊያውን ይዞ መጣ። ለምን እንደሄደ አሁንም አልተናገረም። ይህን ስል ደካማ ሰው አድርጌው አይደለም፤ በሌሊት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተመላልሶ ያመጣው እሱ ነው፣ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነበር። የሠራውን ሥራ ለተሳፋሪ መናገር የሥራው አካል መሆኑን የነገረው አለቃ ግን የለም።

ማርሳቢት 9 ሰዓት ሌሊት ደረስን። በረሃ መሃል ያለ ተራራ ነው፤ ደን አለው፣ ጉም ይወርድበታል፣ ቆላ ላይ በላብ የነበርን ሰዎች ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ። አንዲት ሴት ወተት በዝቶበት የፈላ ሻይና ማንዳዚ ትሸጣለች። ማንዳዚ ቦምቦሊኖን ይመስላል፣ ሄል አለው። እንደዚያ የጣፈጠ ሻይ ቀምሼ አላውቅም።

ከዚያ እስከ ጠዋት ፍተሻ ነው። «ኪታምቡሊሾ» ይላሉ፣ መታወቂያ ማለት ነው፤ እኛ ፓስፖርት እናሳያለን። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 9 ጊዜ ቆጥሬያለሁ። አንዳንዱ ላይ ሁሉም ይወርዳል፣ አንዳንዱ ላይ ባትሪ ይዘው ይገባሉ። ፓስፖርታችሁን ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፣ አንገታችሁ ላይ ይሁን። ከኋላችን ሁለት ወጣቶች ነበሩ፣ የሆሳዕና ሰዎች ናቸው፣ ዕቃቸው አንድ ፌስታል ነው። እማማ ዳቦ ሰጥተዋቸው ነበር። ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም እንዳላቸው ነግረዋቸዋል። ከማርሳቢት ቀጥሎ ባለው ፍተሻ ወረዱና አልተመለሱም። አውቶቡሱ ተነሳ። እማማ ረዳቱን «ልጆቹስ?» ብለው በአማርኛ ጠየቁት፤ አላያቸውም። እስከ ዛሬ ስማቸውን ባለመጠየቃቸው ያዝናሉ፣ በጸሎት ሰዓት «እነዚያ ልጆች» እያሉ ነው የሚያነሷቸው።

ኢሲዮሎን በጠዋት፣ 2 ሰዓት ላይ አለፍን። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ የኬንያ ተራራ በግራችን በረዶውን ይዞ ታየ፣ የስንዴ ማሳ መጣ፣ አገሩ አርሲን መሰለ። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን የሚያመለክት ሰሌዳ አለ፤ ልጆቹ በመስኮት ፎቶ አነሱ፣ እኔ ተኝቼ አመለጠኝ። ናይሮቢ፣ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር የገባነው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከተነሳንበት 22 ሰዓት ተኩል። ትኬቱ የሚለው ጠዋት 12 ሰዓት ነበር። የተቀበሉን ወንድሞች ከንጋት ጀምሮ እዚያው ቆመው ነበር፤ እነሱም ደውለው የነገራቸው የለም።

ጆንያውን የፈታሁት በዚያው ማታ ነው። የሦስተኛዋ መኪና መዘውር ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ቀሪዎቹ አራቱ ደህና ናቸው። በማግስቱ አንዱ ወንድም ጊኮምባ ወሰደኝ፤ የናይሮቢ ትልቁ የልባሽ ገበያ ነው፣ ዙሪያው ጁአ ካሊ የሚሏቸው በፀሐይ ላይ የሚሠሩ ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። አንድ ሽማግሌ በናስ ለጥፎ መለሰልኝ። ትንሽ ትወላገዳለች፣ ሆኖም ሁለት ሳምንት ሰፍተንባታል። 14 እናቶች ቀሚስ ከመቁረጥ እስከ ዚፕ መግጠም ተምረዋል። ስለ እሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ስንመለስ የመልስ ትኬታችንን ትተን፣ ኢስሊ ያሉት ወንድሞች ከሚያውቁት ሌላ መኪና ቆረጥን። አውቶቡሱ ከፊተኛው ያረጀ ነው፣ ወንበሩ አይተኛም፣ የአንዱ መስኮት መስታወት በፕላስቲክ ተለጥፏል። ረዳቱ ግን ሳይነሳ በፊት መሃል ቆሞ በስዋሂሊና በቦረንኛ፣ ለእኛም «እናት፣ አባት» እያለ በጥቂት አማርኛ ተናገረ፦ የት የት እንደምንቆም፣ ሽንት ቤት ያለው የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ሞያሌ እንደምንደርስ። በቆመ ቁጥር ሰው ቆጥሮ ነው የሚያስነሳው። ላይሳሚስ አካባቢ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶ ሁለት ሰዓት ቆመናል፤ በየግማሽ ሰዓቱ እየመጣ «ገና ነው፣ እየጎተቱት ነው» ይለናል። ያ ሁለት ሰዓት የመጣ የሄደ አልመሰለኝም፤ እንቅልፍ ወስዶኛል። እማማን ሳይጠይቁት ሁለት ጊዜ አስቁሞላቸዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ሞያሌ ነበርን።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ለፊተኛው መኪና ሹፌር 5 እሰጣለሁ፣ ለወንበሩ 4። ለዕቃ አያያዝ 1። አዲስ አበባ ላለው ትኬት ቢሮም 1፤ ሰዓቱን አሳስተውናል፣ ወንበር ሁለቴ ሸጠዋል፣ ለዕቃ ሁለቴ አስከፍለዋል። ለመልሱ አሮጌ አውቶቡስ ያለ ማመንታት 5።

ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ቢሮው ሄድኩ። የመዘውሩን ፎቶና ደረሰኙን አሳየኋት፣ ያችው ልጅ ናት። ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ፣ አዳመጠችኝ፣ ፊቷም ተለወጠ። ለዕቃ ኃላፊነት እንደማይወስዱ ትኬቱ ጀርባ ላይ መጻፉን አሳየችኝ፤ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል። «የኔ ልጅ፣ ገንዘቡን እንኳ ተዪው» አልኳት፤ «ሰዓቱን ግን ለሚቀጥለው ሰው በኢትዮጵያ ሰዓት ጻፊለት፤ ረዳቶቹ ለሰው እንዲናገሩ ለማዶዎቹ ደውላችሁ ንገሯቸው»። ማመልከቻ ጻፊ አለችኝ፣ ጻፍኩ። አራተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ መልስ የለም። ባለፈው ሐሙስ በዚያ ሳልፍ ግን ገብቼ ነበር፤ ጠረጴዛዋ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ከሞያሌ መነሻ ከቀኑ 9 ሰዓት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

በነሐሴ እንደገና እንሄዳለን፣ ሁለት መኪና ጨምረን። በጆንያ አይሆንም፤ አናጢ ጋ ለእያንዳንዷ የጣውላ ሣጥን አዝዣለሁ፣ ውስጡን በስፖንጅ አለብሰዋለሁ። ለተሰበረችው ትክክለኛውን መዘውር ፍለጋ ቅዳሜ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ አንድ አባት ከብረት ክምር ሥር የዚያኑ ዓይነት አወጡልኝ፣ ዝገቱን በጋዝ አጥበው ሰጡኝ። አሁን ሱቄ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። እሱን ዕቃ መጫኛ ውስጥ አላስገባም፤ ጭኔ ላይ ይዤው ነው የምሄደው።